አራስ ልጅ ስንት ይበቃዋል? ማንኪያ፣ ዳይፐር፣ ሚዛን

አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ ይጠግባል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለቅሶን አይቶ ነው። ካለቀሰ አልጠገበም፤ ዝም ካለ ጠግቧል። ይህ መለኪያ በሁለቱም በኩል ያሳስታል። ጠግቦ የሚያለቅስ ልጅ ሞልቷል፤ የረጠበ ዳይፐር፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ የሆድ ቁርጠት፣ መታቀፍ መፈለግ ሁሉም ያስለቅሳሉ። ተርቦ ዝም የሚል አራስም አለ፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ጊዜውን ጨርሶ፣ ማለትም 37 ሳምንት ሞልቶት፣ ከ2.5 ኪሎ በላይ ሆኖ ለተወለደ ጤነኛ ልጅ ናቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም ታሞ የተኛ ልጅ መጠኑ የሚታዘዝለት በሚከታተለው ሐኪም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሻይ ማንኪያ

አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በሲሪንጅ ላይ 5 ሲሲ ማለት ነው። ጡት የሚጠባ ጤነኛ አራስ በመጀመሪያው 24 ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ እስከ ሁለት። በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በሦስተኛው ከ15 እስከ 30፣ በአራተኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የመጀመሪያው ቀን እንገር በሙሉ ተሰብስቦ ቢለካ በአማካይ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው።

ስለዚህ ጡቷን ጨምቃ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ያየች እናት «ወተት የለኝም» ብትል አይፈረድባትም፤ ግን ያየችው ትክክለኛው ልክ ነው። አራስ ሲወለድ ሆዱ ገና ብዙም አይለጠጥም፤ ኩላሊቱም ብዙ ፈሳሽ ለማጣራት አልደረሰም። በሰውነቱ ትርፍ ውሃ፣ በጉበቱ የተከማቸ ስኳር፣ ከቆዳው ሥር ስብ ይዞ ስለሚመጣ እነሱን እየተጠቀመ ወተቱ እስኪሞላ ይቆያል። እንገሩ ወፍራም፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ በሽታ ተከላካይ ነገሮች የበዙበት ነው፤ ሆድ ስለሚያለሰልስም ጥቁሩ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲወጣ ያግዛል። በአንዳንድ አካባቢ «የቆየ ነው»፣ «ሆድ ያማል» እየተባለ ታልቦ ይደፋል። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ላይ ግን የሚደፋ ትርፍ የለም።

ወተቱ በብዛት የሚመጣው እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በፍጥነት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የጡት ሴሎች ወተት በብዛት መሥራት ይጀምራሉ። ጡት እስኪያግት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 72 ሰዓት ይወስዳል። ለመጀመሪያ ልጅ፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች፣ ስኳር ላለባት ወይም ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ሊዘገይ ይችላል። ሦስት ቀን አልፎ ጡቱ ምንም ለውጥ ካላሳየ ለአዋላጅ ነርስ ወይም ለሐኪም መነገር አለበት፤ በማሕፀን የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭም አንዱ ምክንያት ነውና።

ብዙ ነገር የሚበላሸው በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ «ወተቷ እስኪመጣ» ተብሎ የሚሰጥ የዱቄት ወተት... ጉዳታቸው ይዘውት በሚመጡት ተህዋስ አያበቃም። 30 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃ የተሰጠው የአንድ ቀን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊወስድ ከሚችለው ትልቁ መጠን ሦስት እጥፍ ጠጥቷል፤ ሆዱ ተነፍቶ ለረጅም ሰዓት ይተኛል። በዚያ ሰዓት ጡት አይጠባም። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት ሥራ የሚል ትእዛዝ አይደርሰውም። በማግስቱ «አላልኩም? ወተት የላትም» ሲባል፣ አባባሉ ልክ የሆነው ትናንት በተሰጠው ስኳር ውሃ ምክንያት መሆኑን የሚያስተውል የለም።

ማር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጭራሽ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ባክቴሪያ በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ይሠራል። ውሃም እስከ ስድስት ወር አያስፈልግም፤ ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ ሙቀት ውስጥ ቢሆን። የእናት ወተት ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ልጁ ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ይጠባል እንጂ ሌላ ነገር አያሻውም።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው፤ መድከም ግን ይጠይቃል። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ሆኖ ጡት ይያዝ። ከዚያ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ ሌሊቱም ተቆጥሮ ነው። ለመጥባት ከሰነፈ እንገሩ በእጅ ታልቦ ይሰጠዋል። እጅ ይታጠባል፤ አውራ ጣት ከጡት ጫፍ በላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከበታች፣ ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርቀው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን ራሱን መቆንጠጥ ከሕመም በቀር የሚያመጣው የለም፤ ጣትን ቆዳው ላይ ማንሸራተትም ያቆስላል። የመጀመሪያው ጠብታ እስኪታይ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። የወጣውን በተቀቀለ ማንኪያ መቀበልና ልጁን ቀና አድርጎ ማንኪያውን በታችኛው ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። አፉ ውስጥ መገልበጥ ትን ያስብለዋል።

የገባው በወጣው ይታወቃል

ጡት ላይ መስመር አልተጻፈበትም፤ ስንት እንደገባ የሚታየው ዳይፐሩ ላይ ነው። የአራት ቀን ሒሳቡ ለማስታወስ አይከብድም፦ በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ የረጠበ ዳይፐር፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛው አራት። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ፤ ሽንቱም ነጣ ያለ፣ የማይከረፋ።

የአሁን ዳይፐር ሽንት መጥጦ ደረቅ ስለሚመስል እጅን ያታልላል። ደረቅ ዳይፐር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሶ በእጅ መመዘን ነው፤ «ረጠበ» የሚባለው ያንን ያህል ሲከብድ ነው። በሽንት ጨርቅ የሚጠቀም ቤት ይህ ችግር የለበትም።

ዓይነ ምድሩ ከሽንቱ የበለጠ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በአምስተኛው ቀን ቢጫ፣ ቀጠን ያለ፣ ፍሬ ፍሬ ያለበት መሆን አለበት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ሦስት አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ይወጣዋል። ይህን ተቅማጥ ነው ብሎ ጡት መከልከል የተለመደ ስሕተት ነው። በአምስተኛው ቀን ዓይነ ምድሩ ገና ጥቁር ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልወጣ ግን ወተቱ ወደ ሆዱ አልደረሰም ማለት ነውና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። ስድስት ሳምንት ካለፈው በኋላ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ዓይነ ምድር ሳይወጣው ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ወላጅ የሚያስደነግጠው በዳይፐሩ ላይ የሚታይ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ እድፍ ነው። ደም አይደለም፤ በወፈረ ሽንት ውስጥ የሚታይ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ነው። እስከ ሦስተኛው ቀን ችግር የለውም። ከአራተኛው ቀን በኋላ ከታየ ልጁ በቂ እየወሰደ አይደለም። (በሴት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከብልቷ ትንሽ ደም ቢታይ የእናቷ ሆርሞን ሲወርድ የሚመጣ ስለሆነ ከምግብ ጋር አይያያዝም።)

ሚዛን እንዴት ይነበባል

አራስ ሁሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ ይቀንሳል። 3,200 ግራም ሆኖ የተወለደ ልጅ በሦስተኛው ቀን 3,000 ቢመዝን 6 ከመቶ ገደማ ቀንሷል፤ የሚጠበቅ ነው። ከ7 ከመቶ ሲያልፍ፣ ለዚህ ልጅ ከ2,976 ግራም በታች ሲወርድ፣ አጠባቡን ተቀምጦ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። 10 ከመቶ፣ ማለትም 2,880 ሲደርስ ሐኪም ይመርምረው። ወደ ተወለደበት ክብደት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ መመለስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምራል።

በምጥ ጊዜ ብዙ ግሉኮስ የተሰጣት እናት ልጅ ፈሳሹን ተካፍሎ ስለሚወለድ የልደት ክብደቱ ከፍ ይላል፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሸንቶ የቀነሰ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ አይቶ መፍረድ ይሻላል። ሁለተኛው ጣጣ ከራሱ ከሚዛኑ ይመጣል። በየጤና ኬላው ያለው የሚንጠለጠል ሚዛን የሚያነበው በ100 ግራም ልዩነት ነው፤ በቀን 25 ግራም የሚጨምርን ልጅ በየሁለት ቀኑ በእሱ መመዘን ራስን ማስጨነቅ ብቻ ነው። በአንድ ሚዛን፣ ራቁቱን፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ከአንድ ሚዛን ወደ ሌላ ሚዛን እያዛወሩ ማነጻጸር ብዙ ጤነኛ ልጆችን ለጡጦ ዳርጓል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እንዲደረጉ የሚመክራቸው ክትትሎች በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ናቸው። ልጁ በእነዚህ ቀናት ይመዘን። አራስ ከቤት አይወጣም ብሎ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀጠሮ መዝለል ጉዳት አለው፤ የጎደለው የሚታየው በእነዚያ ቀናት ነውና። ለመውጣት የሚያስቸግር ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ድረስ እንድትመጣ ይነገራት። እስራኤል ያሉ ወላጆች ቲፓት ሃላብ በሚባለው የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ፣ አሜሪካ ያሉ ከሆስፒታል በወጡ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ካለው የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ መመዘን ይችላሉ።

ሙሉ ጡት፣ ባዶ ሆድ

እናት በቂ ወተት እያላት ልጅ የሚራበው ብዙውን ጊዜ አያያዙ ስለተበላሸ ነው። ጫፉን ብቻ የያዘ ልጅ አንድ ሰዓት ቢጠባ ያደክማል፣ ያቆስላል፣ አይጠግብም። ልጁ በጎኑ ሆዱን ከእናቱ ሆድ አጋጥሞ፣ አፍንጫው ከጡት ጫፍ ትይዩ ሆኖ ይያዝ። ከንፈሩን በጫፉ ነካ ሲያደርጉት አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ልጁ ወደ ጡት ይቅረብ እንጂ ጡት ወደ ልጁ አይጎተት። በደንብ ሲይዝ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክብ ከላይ ሰፋ ብሎ፣ ከታች ጠቦ ይታያል። ሲጀምር ትንሽ ቢያም ወዲያው ይተዋል፤ ካልተወ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ አስገብቶ ማስለቀቅና እንደገና ማስያዝ ነው። ጫፉ ከአፉ ጠፍጥፎ ወይም ነጥቶ ከወጣ አያያዙ ልክ አልነበረም።

ቀጥሎ መዋጡን መስማት። ወተቱ ከሞላ በኋላ አንድ ሁለቴ ስቦ ይውጣል፤ ለስለስ ያለ «ክ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አገጩም ሲውጥ ለአፍታ ቆም ይላል። ጥባቱ ፈጣንና ጥልቀት የሌለው ሆኖ መዋጥ ካልተሰማ አፉ ጡት ላይ ነው እንጂ እየበላ አይደለም። በእጅ ጡቱን ጨመቅ አድርጎ መያዝ ወተቱን ስለሚገፋለት እንደገና መዋጥ ይጀምራል። አንዱ ጡት ሳያልቅ ወደ ሌላው በሰዓት ማዛወር አያስፈልግም፤ ወተቱ እየቀጠለ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራልና መጨረሻውን ማግኘት አለበት። ራሱ ሲለቅ ሁለተኛው ይቅረብለት፤ ከፈለገ ይወስዳል። ከ10 እስከ 40 ደቂቃ የሚቆይ ሁሉ ጤነኛ ነው። የጠገበ ልጅ ጭብጡ ይፈታል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ጡቱን ይተፋል።

እናቶች «ወተቴ ቀነሰ» የሚሉባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ምልክት አይደሉም። ጡት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚለሰልሰው ምርቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለተስተካከለ ነው። አመሻሽ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ መጥባት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል፣ እንዲሁም በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ለሁለት ሦስት ቀን ጡት አለመልቀቅ ልጁ ምርቱን ለማሳደግ የሚያደርገው ነው። በማለቢያ የወጣው መጠንም ልጁ የሚያገኘውን አይናገርም፤ ልጅ ከማሽን የተሻለ ይስባል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ጡት ጠብቶ ጡጦ ሲሰጠው ጭልጥ ማድረጉ ነው። አራስ አፉ ውስጥ የገባውንና የሚፈሰውን ነገር ይውጣል፤ ይህ ርኃብን አያረጋግጥም።

አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ የአብሽ መጠጡ ለእናት ጥሩ ነው። ጡት የምታጠባ ሴት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ትፈልጋለች፣ ፈሳሽም ያስፈልጋታል። ወተት ግን የሚጨምረው ጡት ተጠብቶ ሲወጣ ነው፤ ስድስት ጊዜ ብቻ እያጠቡ አብሽ ማብዛት የትም አያደርስም።

ጨዋው ልጅ

«ሲወዱት! እንቅልፉን ለጥ ብሎ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» የሚባልለት የአራት ቀን ልጅ ዳይፐሩ መታየት አለበት። ወተት ያነሰው አራስ ጉልበት ለመቆጠብ ይተኛል፤ በተኛ ቁጥር አይጠባም፣ ባልጠባ ቁጥር ይዝላል። የቆዳና የዓይን ቢጫነት ሲጨመርበት ይብሳል፤ ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን የሚወጣው በዓይነ ምድር ነው፣ ያልበላ ልጅ ደግሞ ዓይነ ምድር የለውም፣ ቢጫነቱ ራሱም ያስተኛል። በጠዋት ፀሐይ ማስሞቅ ለዚህ ሕክምና አይሆንም።

ስለዚህ ወደ ተወለደበት ክብደት እስኪመለስ ድረስ «የተኛ አይቀሰቀስም» የሚለው አይሠራም። ቀን ከሦስት ሰዓት፣ ሌሊት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይጠባ አይደር። ሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ የሚጠባ ልጅ ሞቆት ስለሚያንቀላፋ ጥቅልሉ ይፈታ፣ ዳይፐሩ ይቀየር፣ ራቁቱን ደረት ላይ ይሁን፣ እግሩና ጀርባው ይታሽ። እስኪያለቅስም መጠበቅ የለበትም፤ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ከንፈሩን ሲያላምጥ፣ ራሱን እያዞረ ሲፈልግ ርቦታል። ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እዚያ ከደረሰ ጡት ለመያዝም ያስቸግራል።

ሐኪም ጭማሪ ያስፈልገዋል ካለ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጡት፣ ቀጥሎ ከእናት የታለበ ወተት፣ እሱ ካልበቃ የዱቄት ወተት፤ መጠኑም በሐኪሙ ትእዛዝ፣ የዕድሜውን ያህል፣ ከላይ በተጻፈው ልክ። በሲኒ ወይም በሲሪንጅ ቢሰጥ ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ እናት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትለብ፤ ይህ ካልተደረገ ጭማሪው ከሳምንት በኋላ ዋናው ምግብ ይሆናል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ስምንት ሰዓት ሽንት ካልታየ፤ እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፤ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም መጥባት ካቆመ፤ በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ወይም ከ35.5 በታች ከቀዘቀዘ፤ በደቂቃ 60 ጊዜና በላይ ከተነፈሰ፤ ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፤ አረንጓዴ ካስመለሰ፤ ካንቀጠቀጠው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማውጣት መጥባት ያቃተው ልጅ ላይ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይጨምርበታል።

ጡጦ ከሆነ

ጡት የማይጠባ ልጅ መጠን በክብደት ይሰላል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ተይዞ በየቀኑ 20 ይጨመራል፤ በስድስተኛው ቀን አካባቢ 150 ላይ ይቆማል። ለ3.2 ኪሎ ልጅ፦ በመጀመሪያው ቀን 192 ሚሊ ሊትር፣ በሁለተኛው 256፣ በሦስተኛው 320፣ በአራተኛው 384፣ በአምስተኛው 448፣ ከዚያ 480። በስምንት ጊዜ ሲካፈል በመጀመሪያው ቀን በየጊዜው 24፣ በስድስተኛው ቀን 60 ይሆናል። ወደ ተወለደበት ክብደት እስኪመለስ የሚሰላው በልደት ክብደቱ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ በአዲሱ። እንዲህም ሆኖ ቁጥሩ ለማዘጋጀት እንጂ ለማስጨረስ አይደለም። አንዴ 40፣ አንዴ 80 ቢጠጣ የ24 ሰዓቱ ድምር ነው የሚታየው።

ጡጦ ያለ ጥረት ስለሚፈስ ከልክ በላይ መመገብ እዚህ ይመጣል። ልጁ ቀና ብሎ ይያዝ፤ ጡጦው ከመቆም ይልቅ አግድም ይሁን፣ ጫፉ ወተት እስኪይዝ ብቻ። በየጥቂቱ ዝቅ አድርጎ እረፍት ይሰጠው። 60 ሚሊ ሊትር ለመጨረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መውሰድ አለበት፤ በአምስት ደቂቃ ከጨረሰ የጫፉ ቀዳዳ ሰፊ ነው። ቀዳዳውን በጋለ መርፌ ማስፋት፣ ጡጦውን በትራስ አስደግፎ መሄድ፣ «የቀረችውን ጨርስ» እያሉ መወትወት አይገባም። ካገሳ በኋላ አንድ ሁለት ማንኪያ ማቅረሸት የተለመደ ነው። በየጊዜው ብዙ የሚያቀረሽ፣ ሆዱ የሚወጠር፣ ከጠጣ በኋላ የሚንፈራገጥ ልጅ ግን መጠኑ ይቀነስለትና ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በኃይል፣ በርቀት እያስመለሰ ወዲያው የሚርበው ልጅ የጨጓራው መውጫ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የማንኪያው ነው። ከአሜሪካ የሚመጡ አብዛኞቹ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች አንድ ማንኪያ ለ60 ሚሊ ሊትር፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ናቸው። ዘመድ ባመጣው ቆርቆሮ ውስጥ የቀድሞውን ማንኪያ መጠቀም ወይም በድሮው ሒሳብ መቀጠል ወተቱን ግማሽ ያቀጥነዋል ወይም እጥፍ ያወፍረዋል። የቀጠነው ልጁን ያስርበዋል፣ የደሙን ሶዲየም አውርዶ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ የወፈረው ሆዱን ያደርቃል፣ የሰውነቱን ውሃ ያሳጣዋል፣ ሶዲየሙን ከፍ ያደርጋል። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ከራሱ ማንኪያ ጋር፣ የጀርባው ጽሑፍ ተነቦ። ወተቱ ውድ ስለሆነ «እንዲበረክት» ውሃ ማብዛት ይታያል፤ ገንዘቡ የማይበቃ ቤት ያለው መፍትሔ ባለሙያ አማክሮ ወደ ጡት መመለስ ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ በማጥባትና በማለብ ብዙ ጊዜ ይቻላል። የላም ወተት፣ በውሃ የቀጠነም ቢሆን፣ ለአራስ አይሆንም፤ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊቱ ይበዛል፣ አይረኑ ያንሳል።

የዱቄት ወተት ቆርቆሮው ቢታሸግም ከተህዋስ የጸዳ አይደለም። ስለዚህ የሚበጠብጠው ውሃ ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም። ለአንድ ሊትር ውሃ ከፈላ በኋላ እስከ 30 ደቂቃ የሚል መመሪያ አለ፤ ግን አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ወደ 70 ቶሎ ይወርዳል፣ ትንሽ ውሃ ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከፈላ ብዙም ሳይቆይ መጠቀም ነው። መጀመሪያ ውሃው ተለክቶ ጡጦው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዱቄቱ፤ ማንኪያው በቢላ ጀርባ ይስተካከላል እንጂ አይጠቀጠቅም። ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ አብርዶ፣ በእጅ አንጓ ላይ ጠብታ አድርጎ ለብ ማለቱን አይቶ መስጠት። የተዘጋጀው በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ልጁ ከቀመሰው በኋላ የተረፈው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይደፋል። ፔርሙዝ ውስጥ የሚቀመጠው የፈላ ውሃ ብቻ ነው፤ የተበጠበጠ ወተት እዚያ ሲውል ተህዋስ ይራባበታል።

ወደ ሥራ መመለስ ሲመጣ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት አልቤ ልተውለት?» ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር በቀን የሚወስደው ብዙም አይለወጥም፣ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር መጠኑን ማሳደግ የጡጦ ወተት ልማድ ነው። በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ተብሎ ቢታሰብ፣ መንገዱን ጨምሮ አሥር ሰዓት ለምትጠፋ እናት 300 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ተከፍሎ 75 75 ይበቃል። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጠኛ ክፍል አራት ቀን ይቆያል፤ በር ላይ አይቀመጥም። ሲሰጥ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ማድረግ ነው፤ ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት ዕቃውን ቀስ ብሎ ሲያዞሩት ይቀላቀላል። እሳት ላይ አይጣድም።